ሩቅ ሂዱ፣ ከኋላ ያለውን ግን አትተዉ፦ ለወጣቶች የተጻፈ ምክር

ውድ ወጣቶች፣

በአበበ ቢቂላ፣ በምሩፅ ይፍጠርና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድል ላደግን ሰዎች ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚታየን ማን አንደኛ እንደ ወጣ ነው። በዚያም እኮራለሁ፤ ዛሬም የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ሲተላለፍ ከወንበሬ እነሳለሁ። ነገር ግን ባሕር ዳር አድጌ፣ በእንግሊዝ አገር ረጅም ዘመን በሐኪምነት ሠርቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያልተውኩት ስፖርት አንደኛ የሚባል ሰው የሌለበት ነው፤ እርሱም ጸጥ ባሉ የገጠር መንገዶች በቡድን የሚደረግ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃችሁ በካርድ እየተጻፈ ላደጋችሁ ልጆቼ ይህን የምመክረው፣ ጽናትን ከፉክክር ለይቶ የሚያስተምር ሌላ ነገር ብዙም ስላላየሁ ነው።

ጉዞው በእንግሊዝ አገር ኦዳክስ፣ በፈረንሳይ ደግሞ ራንዶነ ይባላል። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 200፣ 300፣ 400 ወይም 600 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያውን በ13 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛውን በ20፣ ሦስተኛውን በ27፣ አራተኛውን በ40 ሰዓት ውስጥ መፈጸም ግድ ነው። ይህም ምግብንና ዕረፍትን ጨምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ስለሆነ፣ ጤነኛ የሆነና በአግባቡ የተለማመደ ሰው ሊወጣው ይችላል። ከደንቡ ሁሉ ጥበብ ሆኖ ያገኘሁት ግን ሌላኛው ወሰን ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የሚዘጉበት ሰዓት እንዳለ ሁሉ የሚከፈቱበትም ሰዓት አላቸው፤ የመክፈቻው ሰዓት ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ታስቦ ስለሚሰላ፣ ከዚያ በላይ እየበረረ የመጣ ሰው ጣቢያው እስኪከፈት ቆሞ መጠበቅ አለበት። 200 ኪሎ ሜትሩን በ8 ሰዓት ውስጥ የፈጸመና ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የደረሰ ሰው እኩል ናቸው፤ ደረጃ አይወጣላቸውም፣ ሽልማትም የለም።

እያንዳንዱ ተጓዥ አንድ ትንሽ ካርድ ይይዛል። በመንደር ዳቦ ቤት ወይም ሻይ ቤት ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተም የሚመታ ሰው በሌለበት ስፍራ ደግሞ ካርዱ ላይ ጥያቄ ይጻፋል፦ «በመስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው ምልክት እስከሚቀጥለው መንደር ስንት ማይል ይላል?» መልሱን የሚያገኘው እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ነው። በዝናብ ጓንታችሁን አውልቃችሁ በረጠበ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ስትታገሉ እስክሪብቶ እምቢ ይላል፤ እርሳስ የያዘው ሰው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አልፎ አይሄድም፣ እርሳሱ በሁሉም እጅ እስኪዞር ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የዚህን ጉዞ ጠባይ ከማንኛውም ደንብ ይልቅ ያስረዳኝ ይህ ልማድ ነው።

ታሪኩ ከፉክክር የራቀ ሆኖ አልተጀመረም። ከፓሪስ ተነሥቶ በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ እስካለችው ብሬስት ከተማ ደርሶ የሚመለሰው 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1891 ፒዬር ዢፋር በተባለ ጋዜጠኛ አሳቢነት ሲጀመር ውድድር ነበረ፤ ያሸነፈውም ሻርል ቴሮን በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨርሶ ነው። በ1897 ደግሞ ጥቂት ጣሊያናውያን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመድረስ ተማምለው ከሮም እስከ ናፖሊ 230 ኪሎ ሜትር አብረው ሄዱ፤ ይህ ልማድ በ1904 ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የውድድሩ ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1951 ሲሆን፣ ዛሬ በየአራት ዓመቱ የሚደረገው ጉዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሰዎች በ90 ሰዓት ውስጥ ለመፈጸም የሚደክሙበት ነው። ብሬስት በምትገኝበት በብሬታኝ ክፍለ ሀገር የገጠር መንደሮች ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሌሊት በደጃቸው ጠረጴዛ ዘርግተው ለማያውቁት ተጓዥ ቡና ያቀርባሉ። አሸናፊው ተረስቶ ጉዞው መትረፉን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በቡድን መሄድ ሙያ ነው፣ በጉልበት ብቻ አይሆንም። በጥንቱ የኦዳክስ ሥርዐት ቡድኑን የሚመራ ካፒቴን አለ፤ ፍጥነቱን በሰዓት 22.5 ኪሎ ሜትር ላይ ያጸናል፣ ማንም እርሱን አልፎ እንዲሄድ አይፈቀድም። ይህ ሥራ የድሮውን የሲራራ ነጋዴ መሪ ያስታውሰኛል፤ ነጋድራሱ የሚመዘነው እርሱ ፈጥኖ በመድረሱ ሳይሆን ጭነቱና ሰዉ ሳይጎድል በመግባቱ ነበርና። ካፒቴን የሌለው ቡድንም ቢሆን ይህንኑ ሥራ ተካፍሎ መሥራት ይኖርበታል። ከፊት ያለው ነፋሱን ስለሚሰብር ከኋላው ያሉት በቀላሉ ይከተላሉ፤ ስለዚህ ጠንካራው ረዘም ላለ ጊዜ ይመራል፣ የደከመው ግን ምንም ሳያፍር ከኋላ ይጠለላል። መሪው ጉድጓድ ሲያይ በጣቱ ወደ መሬት ያመለክታል፣ ለመቆም ሲፈልግ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ታች ይጫናል፤ ከኋላ ያለው መኪና ሲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፣ ቃሉም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ፊት ድረስ ይደርሳል። የፊት ጎማችሁን ከቀደማችሁ ሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ፤ ሁለቱ ቢነካኩ የሚወድቀው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከኋላ ያለው ነው።

ቡድን የሚፈርሰው በዳገት ላይ ነው። ዳገትን ሁሉም በራሱ አቅም ይውጣ፤ ቀድሞ ጫፍ የደረሰ ግን ይጠብቅ። መጠበቁ ብቻም አይበቃም። የዘገየው ሲደርስ የጠበቁት ሰዎች ወዲያው ኮርቻቸው ላይ ከወጡ፣ ጠንካሮቹ ዐርፈው ደካማው ሳያርፍ ጉዞ ይቀጥላል፤ ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ የዘገየው ሰው ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ያልቃል፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እመለሳለሁ» ማለትም ይጀምራል። ይህን ቃል ከሰማችሁ ጥፋቱ የእርሱ አቅም ሳይሆን የቡድኑ አመራር መሆኑን እወቁ። የመጨረሻው ሰው ውኃውን ጠጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እርሱ ራሱ «እንሂድ» ሲል ሂዱ።

በሐኪምነቴ ስለ ሰውነት ጥቂት ልጨምር። ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት ስኳር ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ እስኪርባችሁ ሳትጠብቁ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምራችሁ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚደርስ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም በምግብ ውስጥ ያለ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ውሰዱ። ሙዝ፣ ቴምርና ዳቦ ይበቃሉ፤ እኔ በብስክሌቴ መሪ ላይ በምትንጠለጠል ከረጢት ዳቦ ቆሎ እይዛለሁ፣ በአንድ እጅ ለመብላትም ሆነ ለጎረቤት ለማካፈል የሚመች ስንቅ ነው። ውኃን በተመለከተ የምታውቁት ምክር «ብዙ ጠጡ» የሚለው ነው፤ ሆኖም ጨው ሳይወሰድ ከልክ በላይ የሚጠጣ ውኃ የደምን ሶዲየም አሳንሶ እስከ ራስ መሳት ሊያደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ጨው ያለበትንም ምግብ አትርሱ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ በመዳፋችሁ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗልና አያያዛችሁን ለውጡ፣ መሪውንም ከፍ አድርጉ። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ እንቅልፍን ነው። ሌሊት ዓይናችሁ መከደን ከጀመረ ቡና አያድናችሁም፤ ከመንገድ ወጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ተኙ፣ ከቡድኑም አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ።

መንገድ ስትመርጡ አቋራጩን አትፈልጉ። በእንግሊዝ አገር ዋናው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር በሆነበት፣ በቁጥቋጦ አጥር መካከል የሚያልፈው የገጠር መንገድ 75 ሊሆን ይችላል፤ ሰባ አምስቱን ሂዱ። መኪና በሌለበት ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ይቻላል፣ ሳይቆራረጥ ማውራት የሚቻልበትም ፍጥነት ቀኑን ሙሉ የሚያዛልቅ ፍጥነት ነው። አገር ቤት ላላችሁ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ ከተሞች ስለሆኑ ለመጀመር ይመቻሉ፤ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ደርሶ መልስ ጥሩ መለማመጃ ነው። የአካባቢውን ሰላም አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ የጭነት መኪና ከሚበዛበት አስፋልትም ራቁ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና የነፋስ መንፊያ ሳትይዙ ከከተማ አትውጡ፤ ከጎሚስታ ደጃፍ ርቃችሁ ጎማ ቢፈነዳ የምትተማመኑት በያዛችሁት ብቻ ነውና።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም። ለቁመታችሁ የሚስማማ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለው፣ ከፊትና ከኋላ መብራት የተገጠመለት ይሁን። ቀጣዩ ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚደረግ ሲሆን፣ ለመሳተፍ በዚያው ዓመት የ200፣ የ300፣ የ400ና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን መፈጸም ይጠየቃል፤ በአውሮፓ ያላችሁ ልትመኙት የሚገባ ነገር ነው። እስከዚያ ግን አራት ወይም አምስት ሆናችሁ በ40 ኪሎ ሜትር ጀምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱም ጥቂት ጨምሩ። ከመካከላችሁ አቅሙ ዝቅተኛ የሆነው 100 ኪሎ ሜትር ጨርሶ፣ በማግስቱ ሳይታመም ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርቱ እስኪሄድ ድረስ ማናችሁም ለ200 አትመዝገቡ።