ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን ብዬ ነበር

ባለፈው ወር እዚሁ ሐዋሳ ተመራቂ ተማሪዎች «ልምድዎን ያካፍሉን» ብለው ጠሩኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ደስ ይለኛል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው፣ የሌሊት ወፍ የሚሸከመው ገዳይ ቫይረስ ከተገኘ ጀምሮ የሌሊት ወፍ ነገር የሰው ሁሉ ወሬ ሆኗል። ድሮ ሥራዬ ከሌሊት ወፍ ናሙና መውሰድ መሆኑን ስነግራቸው እጄን ላለመጨበጥ ሰበብ የሚፈልጉ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ቡና አፍልተው ይጠሩኛል።

የተለመደው ጥያቄ መጣ። የትኛው ማስተርስ ይሻላል? ስኮላርሺፕ እንዴት ይገኛል? ነክሶዎት ያውቃል? (ሁለቴ ነክሶኛል።) ለሁሉም መለስኩ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳች። «ማዘር፣ ናሙና የወሰዳችሁበት መንደር ሰዎች ውጤቱን አወቁ?» አለችኝ።

ውሃዬን አንስቼ ጠጣሁ። «አንዳንዴ እንነግራቸዋለን» ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ዋሽቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ዶክተር አይደለሁም፣ ላብ ቴክኖሎጂስት ነበርኩ። 31 ዓመት ቲዩብ ላይ ቁጥር ስጽፍ፣ ፍሪዘር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። አለቃችን ከእጁ የማትጠፋ አንዲት ጽሑፍ ነበረችው። በፈረንጆቹ 1992 የታተመች ናት። ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረሶች ተለይተው ሲታዩ ሁለቱ ሌላ ዘር ሆነው ተገኙ። አንዱ ሞኮላ የሚባለው፣ ከድመት። ሌላው ሌጎስ ባት፣ ከውሻ። ሌጎስ ባት መጀመሪያ የታወቀው በ1956 ናይጄሪያ ውስጥ ፍራፍሬ በሚበላ የሌሊት ወፍ ላይ ነው። «ታዲያ የእኛ ውሻ ከየት አመጣው?» ይላል አለቃችን። ቡና ላይ ይላል፣ መኪና ውስጥ ይላል፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሲል ሰምቼዋለሁ። በዚያ ላይ በፈረንጆቹ 2009 የኡጋንዳው ጥናት ወጣ። ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ከሚኖሩ የሌሊት ወፎች ማርበርግ ራሱ በሕይወቱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አለቃችንን ማን ይያዘው? ጥር ላይ ዋሻ ፍለጋ ወጣን።

ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሾፌራችን ወፍ የያዘ ከረጢት መኪናዬ ውስጥ አይገባም ብሎ አስቀድሞ ምሎ ነበር። እኛ ደግሞ ዋሻው ደጃፍ ላይ ሠርተን እዚያው እንለቃቸዋለን ብለን ምለንለታል። መንደሩ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀበሉን። ቡርሳሜ ቀረበ፣ በእጃችን በላን። አስተርጓሚ ነበረን። «በሽታ አለባቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። «እሱን ለማወቅ ነው የመጣነው» አልን። ጥሩ መልስ መስሎን ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ መኪናው ጀርባ ሄደን ለበስን። ነጭ ቱታ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ቦቲ። ዞረን ስንመጣ አንድ ሕፃን ጮኸ። እናቱ አቅፋው ሮጠች። ትናንት ከእኛ ጋር ከአንድ ሻፌታ የበሉት ሰዎች ወደኋላ አፈገፈጉ። እኛ ሥራ ላይ ነበርን፣ ልብም አላልነው።

ያልሸሸ አንድ ልጅ ብቻ ነው። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። የዋሻውን መንገድ የመራን እሱ ነበር። መጀመሪያ ትንንሾቹ ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ፤ መረባችሁን እዚህ ጋ ዘርጉ አለን። ልክ ነበር። ከአለቃችን መጽሐፍ ይልቅ የእሱ ሰዓት ሠራልን።

የሌሊት ወፍ በእጃችሁ ይዛችሁ የማታውቁ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የጨርቅ ከረጢቱን ትፈታላችሁ። በወፍራም የቆዳ ጓንት ቀስ ብላችሁ አንገቷ ሥር ትይዟታላችሁ። ፊቷ የቡችላ ፊት ነው። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ባትሪ ሲያርፍበት ፍም ይመስላል። ዋሻ የሚወደው የፍራፍሬ በሊታ ዘር በጨለማ መንገዱን የሚያገኘው ምላሱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው። እጄ ውስጥ ሆናም ጠቅ ጠቅ ትላለች። ልቧ በጓንቱ በኩል ይሰማችኋል። አያቴ የነገረችኝ ተረት ነበር፦ የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ «ጥርስ አለኝ» ትላለች፣ የአራዊቱ ሲመጣ «ክንፍ አለኝ» ትላለች። አያቴ አጭበርባሪ ናት ለማለት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን እጄ ላይ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ ካየሁ በኋላ ያንን ተረት ለልጆቼ አልነገርኩም።

በሁለት ሌሊት 64 ያዝን። ከእያንዳንዷ ሁለት ስዋብ (በጥጥ የሚጠረግ ናሙና)፣ አንድ ከአፍ፣ አንድ ከኋላ። 128 ቲዩብ ሆነ። ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ልጁ ባትሪ ይይዝልኛል። ጓንት ስጪኝ ብሎ ስለለመነኝ አንድ ጥንድ ሰማያዊ ጓንት ሰጠሁት፣ ለጣቶቹ ሰፋው። ሁሉንም በየሌሊቱ ለቀቅናቸው፤ ቲዩቦቹ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ ገቡ። መኪና ስንጭን ልጁ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀኝ። «መቼ ነው የምትነግሩን?»

«ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን» አልኩት። በጣቱ ወር ሲቆጥር አየሁት።

የፋሲካ ሰሞን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ገብቼ ቲዩቦቹ ያሉበትን፣ «ማይነስ ሰማንያ» የምንለውን ፍሪዘር አይቼ፣ ሙቀቱን መዝግቤ መውጣት ነበረብኝ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቅዳሜ ግን የባለቤቴ ዘመዶች ከዲላ ይመጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ዶሮውን የገነጣጠልኩት በሻማ ነው። ለምን በሻማ? ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበራ! ይህን ልብ በሉልኝ። መብራት መጥፋቱን አላየሁም አልልም። ሻማ ይዤ ነበር የቆምኩት። «ጄኔሬተር አለ» አልኩ በሆዴ፣ ቁሌቴን ማማሰል ቀጠልኩ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም።

ማክሰኞ ስገባ መብራት ተመልሷል። የፍሪዘሩ ቁጥር ማይነስ 80 ይላል። ተመስገን ብዬ በሩን ከፈትኩ። የካርቶን ሳጥኑን ስስበው አልመጣም። ርሶ፣ ጎብጦ፣ በጎበጠበት እንደገና በርዷል። ሥሩ እንደ መስታወት ያለ በረዶ ተነጥፏል። በበረዶው ውስጥ የራሴ የእርሳስ ቁጥሮች ይነበባሉ።

አር ኤን ኤ፣ እኛ የምንፈልገው የቫይረሱ የዘር ቁስ፣ ከጥሬ ወተት ይብሳል። ወተት ሲበላሽ ቢያንስ ይሸታል፤ ይሄ ዝም ብሎ ይጠፋል። ለማንኛውም ያንን የዘር ቁስ የሚፈልገውን ምርመራ፣ ፒሲአር፣ ሠራን። ምንም የለም። የሌሊት ወፏ የራሷ አር ኤን ኤ እንኳ መታየት ነበረበት፣ እሱም የለም። ስለዚህ «ቫይረስ የለም» ማለት አይቻልም። «አለ» ማለትም አይቻልም። አናውቅም፣ በቃ።

ለአለቃችን ሁሉንም ነገርኩት፣ ሻማውን ጭምር። አልጮኸብኝም። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ሰዓት ጠረገው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ «እንግዲህ ውጤት ሳንይዝ ምን ብለን እንሄዳለን?» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሰማው ቅልል አለኝ። ለዚያ ልጅ ስለ ዶሮ ወጥ ከማስረዳት ተረፍኩ።

በ2005 ዓ.ም. በዚያው በኩል ለሰርግ ስንሄድ መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። ያገሬው ሰው መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቷል። አንድ ወጣት ሸኘኝ። የዋሻው አፍ እስከ ላይ ድረስ ጠቁሯል። የተቃጠለ ጎማ ሽቦ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ጎማና በርበሬ ነው ያጨሱበት። የልጁን እናት አገኘኋት። አልተቆጣችኝም፣ ቡና አፈላች። ወጣቱ እያስተረጎመ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ መንግሥት ደህና ነገር ሲያገኝ በማይክ ይናገራል። ዝም ያለ ጊዜ ነው የሚያስፈራው። ያን ነጭ ልብስ ለብሳችሁ መጣችሁ፣ ከዚያ ጠፋችሁ። በሽታ ማግኘታችሁ ገባን።»

ልጁስ? ሰማያዊ ጓንቱን አድርጎ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ጓደኞቹ «በሽታውን ያመጣው እሱ ነው» አሉት። እናቱ ጓንቱን አቃጠለችው። ስድቡ ግን አልቀረም። ወደ ሐዋሳ ሄደ፣ ሊስትሮ ይሠራል ብለዋታል። ገብርኤል አደባባይ ስንት ጊዜ ንጹሕ ጫማ አስጠርጌያለሁ! ፊቱን የማውቀው በባትሪ ብርሃን ነው። ዛሬ 27 ዓመት ይሆነዋል፤ አጠገቤ ቢቀመጥም አላውቀውም።

ቆይቶ ደግሞ የኪታካን ቀጣይ ታሪክ አነበብኩ። እዚያም ከፈረንጆቹ 2007 በኋላ ማዕድን ቆፋሪዎቹ የሌሊት ወፎቹን ጨርሰው አጥፍተው ነበር። ወፎቹ ግን ተመለሱ። በፈረንጆቹ 2012 በዚያው አካባቢ ማርበርግ እንደገና ሰው ገደለ። ከመጥፋታቸው በፊት ከመቶ 5 ገደማ የነበሩት ቫይረስ ተሸካሚዎች፣ ተመልሰው ሲመረመሩ ከመቶ 13 ገደማ ሆነዋል። ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ምሳዬን አልበላሁም። እዚያ መንደር አንድ ሰው ሄዶ «ፍሪዘራችን ተበላሽቶ ነው፣ ምንም አላወቅንም፣ ዋሻው ውስጥ አትግቡ፣ ጭስም አታጭሱበት» ቢል ኖሮ አንድ ጀሪካን ነዳጅ ነበር የሚፈጀው።

ምክር ተብዬ ነው የተጠራሁት፣ እንግዲህ ልምከር። ጓንት፣ ማስክ፣ የእብድ ውሻ ክትባት፣ እሱን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። የማርበርግ ስም ራሱ የመጣው በፈረንጆቹ 1967 በሽታው መጀመሪያ የላብ ሠራተኞችን ከያዘባቸው ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከጀርመኗ ማርበርግ ነው። ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ሲነኩ ያዛቸው፤ ከ31 ታማሚ 7ቱ ሞቱ። ይህን እያወቀ ባዶ እጁን የሚሠራ ሰው የእኔን ደብዳቤ አይሰማም።

እኔ የምላችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ፕሮፖዛል ስትጽፉ የመመለሻውን ጉዞ በጀት ውስጥ አስገቡ። እኛ ለሪኤጀንት (ለምርመራ ኬሚካል) ጠየቅን፣ ለናይትሮጅን ጠየቅን፣ ለአበል ጠየቅን። ተመልሶ ለመንገር የሚል መስመር አልነበረንም። መስመር የሌለው ነገር ደግሞ አይሠራም፣ መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ጉዞው ውጤት ቢኖርም ባይኖርም ይሁን። ነጩን ቱታም ሰው ፊት ልበሱት። ፊታችሁን አሳዩ፣ ጨርቁን ይንኩት፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። መኪና ጀርባ ተደብቃችሁ ለብሳችሁ አትምጡ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቱታውን የምትለብሱት ለፎቶ ይመስለኛል። ገና ስዋብ ሳትነኩ ቲክቶክ ላይ ናችሁ። ፒሲአር ማሽኑን ታውቃላችሁ፣ የሌሊት ወፏን አታውቋትም። ሁሉም ፐብሊሽ፣ ፐብሊሽ። ስልካችሁን ከላብ አውጡልኝ። ...ይህን ከጻፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ልጅ ፍሪዘሩ ሲሞቅ ስልኬ ላይ የሚጮህ ነገር ሠርቶልኝ ነበር። ከአንድ ሺህ ብር ባነሰ ዕቃ። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጮኸብኝ፣ በፒጃማ ላይ ጋቢ ደርቤ ሮጥኩ። እሱ ልጅ በ2003 ቢኖር ኖሮ... እና ስልኩ ይግባ ይሁን አይግባ፣ እንጃ።

ያችን ቀጭን ልጅ ስሟን አልጠየቅኳትም። የሚያውቃት ካለ ይንገርልኝ። ደብተሩ አሁንም ቤቴ ነው። 64ቱም በእርሳስ ተጽፈዋል፣ ክብደታቸው፣ ፆታቸው፣ የተያዙበት ሰዓት። መጨረሻ ገጽ ላይ የመንደሩ መንገድ ተሥሏል፣ የሣለው ልጁ ነው። ዳገቷን ጉልበቴ ይችላት እንደሆነ አላውቅም። ክረምቱ ሳይገባ ከሆነ ግን እስከ ሱቁ ድረስ መኪና ይደርሳል።