ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን እንዴት ሻምፒዮን ሆነ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው በኮሎምበስ ኦሃዮ ሲሆን፣ ልጄ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው በሚሺጋን ሲሸነፍ ሰፈራችን ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ማታ ግን ያው ቡድን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ ተብሎ መኪናው ሁሉ ክላክስ ሲያሰማ አመሸ። ልጄን ብጠይቃት «አባባ፣ ይኼ እንደ ፕሪሚየር ሊግ አይደለም» ብላ አለፈችኝ። ሁለት ጨዋታ የተሸነፈ፣ ያውም በኮንፈረንሱ (በታቀፈበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) እንኳ አንደኛ ያልወጣ ቡድን ዋንጫ የሚወስደው በምን ሕግ ነው?
አንባቢ፣ ከኮሎምበስ

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ ያልነገረችዎት ምክንያቱን ነው። በኮሌጅ ፉትቦል ከፍተኛው እርከን 134 ቡድኖች የነበሩ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚያደርጉት 12 ጨዋታ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጥሞ ነጥብ የሚደመርበት ሰንጠረዥ ሊኖር አይችልም። በነጥብ ፈንታ ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ አለ፤ እርሱም እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለጥሎ ማለፉ የሚመርጠው 4 ቡድን ብቻ ነበር። በ2017 ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ ሲል፣ አምስቱ ቦታ የተሻለ ደረጃ ላላቸው የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች፣ ሰባቱ ደግሞ በደረጃቸው ለሚከተሉት ቡድኖች ተሰጠ። ኦሃዮ ስቴት 10 አሸንፎ፣ 2 ተሸንፎ 6ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ በአሮጌው ደንብ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቾቹ ጥሎ ማለፉን በቴሌቪዥን ይመለከቱት ነበር።

ሁለቱ ሽንፈቶች ግን እኩል አይደሉም። ጥቅምት 2 በኦሪገን 32 ለ 31 የተሸነፈው በአንዲት ሰከንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ኳርተርባኩ (ጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚያቀብለው ተጫዋች) ዊል ሃዋርድ ኳሷን ይዞ ከሮጠ በኋላ ሰዓቱን ለማስቆም መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰዓቱ አለቀበት። የሚሺጋኑ 13 ለ 10 ሌላ ነገር ነው። ሚሺጋን ያን ቀን የመጣው 5 ጊዜ ተሸንፎ ሲሆን፣ ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ዳር ላይ እንደ ጄረማያ ስሚዝ ያለ ኳስ ተቀባይ እያለው ተከላካዮች በዘጉት መሃል ኳስ ይዞ መሮጥን ሲደጋግም ዋለ። በዚሁ ባላንጣ ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት መሸነፉ ነውና ሰፈርዎ ለቅሶ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ቡድን ይመስል ነበር። ቴኔሲን 42 ለ 17፣ ያን ጊዜ ድረስ ያልተሸነፈውን ኦሪገንን 41 ለ 21 ረታ፤ ኦሪገንን በአንድ ወቅት 34 ለ 0 ይመራው ነበር። ከሁሉም የማይረሳው የቴክሳሱ ግጥሚያ ነው። 21 ለ 14 እየተመራ የነበረው ቴክሳስ ከጎሉ መስመር አንድ ያርድ (ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ) ላይ ደርሶ ነበር፤ በአንድ ያልተሳካ ሩጫ ወደ ኋላ ተገፋና በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስን መትቶ ኳሷን ከእጁ አስጣለ፣ ራሱ አንሥቶም 83 ያርድ ሮጠ። ኢወርስ ቀደም ሲል በኦሃዮ ስቴት ሳለ የሶየር የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበር! በአትላንታው ፍጻሜ ኖትር ዳም 34 ለ 23 ተሸነፈ።

ስለ ኮንፈረንሱ ያነሡት ቅሬታ ግን ሚዛን ይደፋል። ኦሃዮ ስቴት ያለበት ኮንፈረንስ፣ የቢግ ቴን፣ ሻምፒዮን ኦሪገን ነበር። ሽልማቱም የመጀመሪያውን ዙር ያለ ጨዋታ ማለፍ ስለነበር 25 ቀን ካረፈ በኋላ ገና ከጅምሩ የገጠመው ኦሃዮ ስቴትን ነው። እንዲህ የሆነው ያለ ጨዋታ የሚያልፉት አራቱ ቦታዎች ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ብቻ የተያዙ ስለነበሩ፣ 6ኛው ኦሃዮ ስቴት በድልድሉ ወደ 8ኛ በመውረዱ ነው። ካረፉት አራት ቡድኖች አንዳቸውም የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አላሸነፉም። የውድድሩ አዘጋጆችም ይህን ድልድል ለተከታዩ የውድድር ዘመን ለውጠውታል፤ አሁን የሚያርፉት ሻምፒዮን ሆኑም አልሆኑ ኮሚቴው ከ1 እስከ 4 ያስቀመጣቸው ናቸው።