ዳሌዬ አያመኝም፤ ራጁ ግን ፕላስቲኩ ሳስቷል ይላል

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የዛሬ 25 ዓመት ዳሌዬ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካ። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። በቅርቡ ራጅ ስነሳ ግን ፕላስቲኩ ሳስቷል ተባልኩ። ሳያመኝ ለምን አስነካዋለሁ?»

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው አለማመሙ ነው። ፕላስቲክ ነርቭ የለውም፤ ሲያልቅ አይነግርዎትም።

ዳሌዎ ውስጥ የብረት ኳስ፣ ውስጡ ፖሊኢትሊን በሚባል ፕላስቲክ በተለበጠ ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። በተራመዱ ቁጥር በዓይን የማይታይ ብናኝ ይረግፋል። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ብናኙን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን ያቅታቸዋል። ያኔ የሚለቁት ኬሚካል አጥንት የሚበሉ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። ከፕላስቲኩ መሳሳት ይልቅ የሚያስፈራው ከጀርባው ያለው አጥንት መቦርቦሩ ነው። አጥንቱ ሲቦረቦር ጎድጓዳው ይላቀቃል፤ ሕመሙ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። በዚያን ሰዓት አዲሱን የምናስርበት አጥንት እናጣለን።

ራጁን እርስዎም ይዩት። ከኳሱ በላይ ያለው ክፍተት ከታች ካለው ጠቦ ከታየ ፕላስቲኩ ከላይ ተበልቷል ማለት ነው። የድሮው ፕላስቲክ በዓመት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይበላል። ከዚያ ከፈጠነ አጥንቱ የመቦርቦር ዕድሉ ይጨምራል። ፍጥነቱ በአንድ ራጅ አይታወቅም፤ የድሮዎቹን ፈልገው ይዘው ይሂዱ። አጥንቱ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ከታየ ስለ ሲቲ ስካን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ራጅ ጉድጓዱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

የጎድጓዳው የውጭ ብረት አጥንቱን አጥብቆ ከያዘ፣ ብዙ ጊዜ የውስጡን ፕላስቲክና ኳሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከዘገየ ይህ ዕድል ያመልጣል። የአሁኑ ፕላስቲክ በጨረር የተጠናከረ ስለሆነ ብናኙ በጣም ያነሰ ነው። ለኳሱ እኔ ሴራሚክ እመርጣለሁ፤ በቀላሉ አይጫርም። ጭን አጥንት ውስጥ ገብቶ ኳሱን በሚሸከመው ነባር ዘንግ ላይ ሲገጠም ግን ውስጡ የታይታኒየም እጀታ ያለው መሆን አለበት። ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከረውን አልመክርም፤ ኮባልትና ክሮሚየም የተባሉ ብረቶችን ወደ ደም ይለቃል።

ከሁሉ በፊት የድሮውን የቀዶ ሕክምና መዝገብ ያፈላልጉ። የተገጠመልዎት ዕቃ አምራችና መጠን እዚያ ላይ አለ። የአንዱ አምራች ፕላስቲክ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ አይቆለፍም።