ቅልጥም፣ ካሮትና ጥሬ እንቁላል፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

በዚህ ሳምንት ከጅማ ሰፈሮች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ምግብ ሁሉን ያድናል ብለን እናምናለን። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ደግሞ «እስኪሻለው ሜዳ አይግባ» እንላለን። ሁለቱ ሲደመሩ ልጁ እየበላ ቤት ይቀመጣል። ይህ በጣም ስለሚያሳስበኝ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀኝ እግሩ ቀጭንና ደካማ ነው፤ የሚሄደው በክራንች ነው። እናቴ «አጥንት የሚጠገነው በአጥንት ነው» ብላ በየሳምንቱ የቅልጥም መረቅ ትሰጠዋለች። እሱ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር በረኛ ሆኖ መጫወት ይፈልጋል። ይወድቅብኛል ብዬ እከለክለዋለሁ። ልክ ነኝ? (ከሄርማታ)

መልስ፦ እህቴ፣ መረቁ አይጎዳውም። እናትሽም የሚሰጡት በፍቅር ነው። ግን እግሩን አይመልሰውም። ከሕፃንነት የጀመረ እንዲህ ያለ ድካም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነርቭ ወይም ከአንጎል ችግር ነው። ጡንቻው ትእዛዝ በደንብ አይደርሰውም፤ ስለማይሠራም ይቀጥናል። ይህን ምንም ዓይነት ምግብ አያስተካክለውም።

ለአጥንቱ ከታሰበም መረቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው እዚያው አጥንቱ ውስጥ ይቀራል። ወተትና እርጎ በብዙ ይበልጡታል። 100 ሚሊ ሊትር ወተት 120 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። የጤፍ እንጀራውም ያግዘዋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ሲገኝ እንቁላል ይጨመርበት። ልጅሽ የተለየ ምግብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሚሮጥ ልጅ ምግብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እባክሽ ይጫወት። ይወድቃል፤ የጎረቤት ልጆችም ይወድቃሉ። ቤት ሲቀመጥ ግን ደህናው እግሩ፣ ክንዱና ትከሻውም ይደክማሉ። ያኔ ጉዳቱ ከአንድ እግር ያልፋል። ዓለም ላይ በክራንች የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ። በአንድ ቡድን 7 ሆነው፣ ከበረኛው በቀር ሜዳ ላይ ያሉት በአንድ እግርና በሁለት ክራንች ይሮጣሉ። አንድ ጊዜ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውሰጂው፤ የትኛውን ጡንቻ ማጠንከር እንዳለበት ያሳዩታል። የክራንቹ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ሲያልቅ ቶሎ ቀይሪለት። ያለቀ ጎማ ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ በደንብ አያይም፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ማንበብ አልችልም። እናቴ በየቀኑ ካሮት ታበላኛለች፤ ለውጥ የለም። 1500 ሜትር እሮጣለሁ። እንደኔ ዓይነት ሰው እስከ የት ሊደርስ ይችላል? (ከቆጪ)

መልስ፦ የካሮቱ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ካሮት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለው። ይህ ቫይታሚን ያጠረው ሰው ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ አያይም። ለእሱ ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ማንጎና ፓፓያ በእርግጥ ይጠቅሙታል፤ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ሲነካቸው ደግሞ ይበልጥ። የአንተ ችግር ግን መነጽር የሚያስፈልገው ወይም ከሞራ ወይም ከዓይን ጀርባ የመጣ ከሆነ አንድ ማሳ ካሮት ብትበላም አይለወጥም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው። ሄደህ ታይ። ምናልባት መነጽር ይበቃህ ይሆናል። ካልሆነም ምን እንዳለብህ በወረቀት ማግኘትህ ለሩጫህ ይጠቅምሃል። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

በፓራ አትሌቲክስ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች አትሌቲክስ፣ የማየት ችግር ያለባቸው ሯጮች በሦስት ምድብ፣ በቲ11፣ በቲ12 እና በቲ13 ይወዳደራሉ። ቲ11 ምንም ወይም ከሞላ ጎደል ምንም የማያዩት ናቸው። ቲ13 ውስጥ ያሉት የተወሰነ ያያሉ፤ ያለ መሪ ሯጭ ይሮጣሉ። የትኛው እንደሆንክ የሚወስነው የዓይን ምርመራ ነው።

እስከ የት ላልከው፣ አገርህ ውስጥ መልስ አለ። በ2012 ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ በክንድ ጉዳት ምድብ በ1500 ሜትር ብር ሲያገኝ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ። በ2016 ሪዮ ላይ ታምሩ ደምሴ በቲ13 በ1500 ሜትር ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት በሙሉ በዚያው ዓመት የኦሊምፒኩን 1500 ካሸነፈው ሰው የፈጠነ ሰዓት ነበራቸው። እርግጥ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ቀስ ተብሎ የተሮጠ ነበር። ቢሆንም ሰዓቱ ሰዓት ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ በዚሁ ቲ13 በቶኪዮ ወርቅ ወሰደች፤ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ያየሽ ጌቴ በቲ11 በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች። ሁሉም ያንተው ርቀት ነው፤ 1500።

የስፖርት መምህርህን ስለ ፓራ አትሌቲክስ ምድብ አነጋግረው። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽታ አለብኝ። የጫካ ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ይሉኛል። (ከጅረን)

መልስ፦ አባቴ፣ ይጎዳል። ማር አብዛኛው ስኳር ነው፤ ከጫካም ይምጣ ከቀፎ፣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። በዚሁ አጋጣሚ ለሁሉም ወላጅ፦ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጭራሽ አይቀመስ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ በመኪና አደጋ ምክንያት ዊልቸር ላይ ነኝ። 44 ዓመቴ ነው፤ በጣም ወፍሬያለሁ። ስብ ያቃጥላል ስላሉኝ ጠዋት በባዶ ሆዴ ሎሚ በሙቅ ውኃ እጠጣለሁ። ቀን ግን ከቤት ውጭ የሚመች ሽንት ቤት ስለማላገኝ ውኃ አልነካም። ስፖርት በዚህ ዕድሜ ትርጉም አለው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሎሚ ስብ አያቃጥልም። ጥሩነቱ ውኃ አብረው መጠጣትዎ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የቀኑ ጥማት ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ውኃ ሲያሳንስ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለጠጠር ይጋለጣል። ቀኑን ሙሉ ከፋፍለው ጥቂት በጥቂት ይጠጡ። ሽንት የሚያወጡት በቱቦ ከሆነ መጠኑን ከሐኪም ጋር ይወስኑ። ይህ ግን የእርስዎ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የቢሮ፣ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በሩን ሰፋ አድርጉ፤ ደረጃው ጎን መወጣጫ ሥሩ። ሰው ሽንት ቤት አጥቶ ውኃ መተው የለበትም።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ሥራ ሲያቆሙ ሰውነት የሚፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ምግቡ ግን እንደ ድሮው ይቀጥላል። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር ያድርጉ። ለስላሳውን ይተዉት፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው።

ዕድሜዎን ለጠየቁኝ፣ አበበ ቢቂላ በ1969 መኪና ተገልብጦበት እግሮቹ መታዘዝ ሲያቆሙ 36 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ከዜሮ ጀመረ። እርስዎም ነገ ጠዋት ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ዊልቸሩን እየገፉ ይጀምሩ። ውኃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስም ያንሱ። መግፋት ብቻ ትከሻን ስለሚጎዳ ወደ ኋላ የመሳብ እንቅስቃሴም ይጨምሩ። የመቀመጫ ቁስል እንዳይመጣ በየመሃሉ በክንድዎ ተደግፈው ከወንበሩ ከፍ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ትሮጣለች። የደም ማነስ አለባት ተባለ። ቀይ ሥር እየጨመቅኩ አጠጣታለሁ፤ ይበቃል? (ከቦዬ)

መልስ፦ አይበቃም። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። በ100 ግራሙ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም አይሞላም፤ የተቀቀለ ምስር ግን 3 ሚሊ ግራም ያህል አለው። የሥጋ ብረት ከሁሉም በቀላሉ ይመጠጣል። የምስሩ ብረት እንዲመጠጥ ሎሚ ይጨመቅበት። ጅማ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ቡናው ከማዕድ ይራቅ። ከምግብ ጋርም፣ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሲጠጣ ብረቱን ያግዳል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ይሻላል። ሐኪም የሰጣት እንክብል ካለም አታቋርጪባት።

ጥያቄ፦ ማየት የማይችል ጓደኛዬ አብሬው እንድሮጥ ጠየቀኝ። ምን ልወቅ? ጠዋት ጠዋት ለጉልበት ብለን ጥሬ እንቁላልም እንጠጣለን። (ከአጂፕ)

መልስ፦ እንቁላሉን ቀቅሉት። ሰውነት ከጥሬው ይልቅ የተቀቀለውን ፕሮቲን በደንብ ይጠቀማል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ጀርም ስጋትም ይቀራል። ከሩጫ በፊት ሙዝ ወይም በሶ ይሻላችኋል።

ጥያቄህ ግን አስደስቶኛል። በቲ11 መሪ ሯጭ ግዴታ ነው። ሁለቱ አጭር ገመድ በእጃቸው ይይዛሉ። መሪው አይጎትትም፣ አይገፋም፤ መጨረሻው መስመር ላይም ቀድሞ አይገባም። ስለዚህ ከጓደኛህ የፈጠንክ መሆን አለብህ፤ እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ መምራት አትችልም። መጀመሪያ በእርምጃ ተለማመዱ፤ ገመዱን የያዙት ሁለት እጆች አንድ ላይ ይወዛወዙ። ቃላቶቻችሁን ቀድማችሁ ተስማሙ፦ «ግራ»፣ «ዳገት»፣ «ባጃጅ»። አጭር ይሁኑ፤ ከመድረሳችሁ በፊትም ይነገሩ። መንገዱን ደግሞ ቀድመህ ብቻህን ሂድበት፤ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ የት የት እንዳለ እወቅ።