የጉዞ ወግ ለምትጽፉ ልጆቼ

ዕድሜዬን በአርትዖት ሥራ አሳልፌ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ከጣና አጠገብ እኖራለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ፣ ራቅ ወዳለ ስፍራ ተጉዛችሁ የገጠማችሁን እያዋዛችሁ ስታወጉ ሳቁን ከየት እንደምታመጡት ስለሚያሳስበኝ ነው።

በወጣትነቴ ከዘጌ በጣና ላይ ወዳለው ደሴት ወደ ክብራን ገብርኤል በደንገል ታንኳ ተሻግሬ ነበር። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ መቀመጫዬ ሲርስ ፈርቼ፣ «አባቴ፣ አይሰምጥም?» አልኋቸው። ቀዛፊው ሽማግሌ መቅዘፊያቸውን ሳያቆሙ፣ «ደንገልስ አይሰምጥም ልጄ፤ የሚሰምጠው ሰው ነው» አሉኝ። ከተማ ስመለስ በጻፍሁት ወግ ግን ይህን ቃል ትቼ፣ የተቀደደ ልብሳቸውንና አነጋገራቸውን መሳቂያ አደረግሁ፤ አንባቢም ወደደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘጌ ስንገናኝ ልጃቸው አንብባላቸው ኖሮ፣ «ያልሁህን ምነው ተውኸው?» ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቃላቸውን የተውሁት ስላልገባኝ ነበር። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ፣ ታንኳው ቢርስና ቢከብድም እንደ ድንጋይ አይወርድም፤ ከጉዞ በኋላ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁትም የጠጣውን ውኃ እንዲተፋ ነው። ይህን ጠይቄ ተረድቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሽማግሌው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሙያቸውንም ፍርሃቴንም እንደገለጹት አውቅ ነበር። ስለዚህ የሰማችሁትን ቃል በዚያው ምሽት፣ እንደተነገረ ጻፉት፤ ያልገባችሁን ደግሞ ሳትነሡ ጠይቁ።

ማጋነንንም ፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይ መነሻ ከሆነው ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገሩ ገብቶ ያየውን ሲናገር ለንደን ውስጥ ብዙዎች አላመኑትም፤ ተሳለቁበትም። እሱ ራሱ ደግሞ፣ በ1618 ከእርሱ ቀድሞ እዚያው ስለደረሰው ስለ ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ የተጻፈውን አልተቀበለም። የሩቅ አገር ወሬ እውነቱ እንኳ እንዲህ ከተጠረጠረ፣ ለማሳቅ ብላችሁ የምትጨምሩት እውነቱን ይዞት ይሄዳል።

ወጋችሁን ከማሳተማችሁ በፊት ለባለታሪኩ አንብቡለት፤ እሱ ዝም ያለበትን ቦታ ደግማችሁ እዩት። መንገዳችሁ በጣና ከሆነ ማልዳችሁ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ቀዛፊው ለማዳመጥ ጊዜ አይኖረውም።