ከኦፕራሲዮን በኋላ ጠባሳዬ ጠጠረ፣ ያሳክከኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ከቢቸና ወጣ ባለ ገጠር ነው፤ ዕድሜዬ 26 ነው። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስፌቱ ደህና ገጥሞ ነበር፤ አሁን ግን ጠባሳው ጠጥሮ ከፍ ብሏል፣ ጠቁሯልም። ማታ ማታ ያሳክከኛል፤ ከበላዩ ያለው ቆዳ ደግሞ ሲነኩት ይደነዝዛል። አማቴ ቅቤ ቀቢው ይሉኛል። ጎረቤቴ ከገበያ የገዛችውን የፊት ክሬም ሰጥታኛለች። ውኃ መቅዳትስ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ከጻፉልኝ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁም። ቁስል ከተዘጋ በኋላ ሰውነት ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን በብዛት ይከምራል፤ ጠባሳ በሁለተኛው ወር ላይ የሚጠጥረውና የሚያሳክከውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀስ እያለ የተረፈውን ያፈርሳል፣ የቀረውን ያስተካክላል። ይህ ሥራ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሁለት ወር ጠባሳ አይቶ እንዲህ ሆኖ ይቀራል ማለት አይቻልም። የሚደነዝዘው ቆዳው ሲቀደድ ቀጫጭን ነርቮች አብረው ስለተቆረጡ ነው። በወራት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ ጥቂት ቦታ ላይ ሳይመለስ ቢቀርም ጉዳት የለውም።

ያቺን ክሬም ግን ዛሬውኑ ይተዉአት። ገበያ ላይ ከሚሸጡት የፊት ማቅያ ክሬሞች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ መድኃኒት አለባቸው፤ ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ። ቆዳ ያሳሳሉ፣ ያበላሻሉ፤ እርስዎ ደግሞ ቀን ከሌት ሕፃን ታቅፈው የሚውሉ እናት ነዎት። አማትዎ ቅቤ ያሉት አዝነውልዎ ነው፤ ጠባሳ መለስለስ አለበት ማለታቸውም ልክ ነው። ለዚያ ግን ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይሻላል፤ ቅቤ ጀርም ሊይዝ ይችላልና። ገና ባልገጠመ ቁስል ላይ ደግሞ ቅቤም ሆነ አመድ፣ የቡና ዱቄትም ሆነ ቅጠል አይደረግም። አፈርና እበት የነካው ነገር ቴታነስ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅምዎ ማሸት ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጥፍርዎን ያሳጥሩ። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ትንሽ ያጥፉ፤ ሆድዎ እንዲላላ ነው። ጣትዎን ቫዝሊን ያስነኩና ጠባሳው ላይ ጫን አድርገው መጀመሪያ በክብ፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ በመጨረሻም በጠባሳው ርዝመት ያንቀሳቅሱት። መንቀሳቀስ ያለበት ከጣትዎ ሥር ያለው ቆዳ ራሱ ነው፤ ጣትዎ ላዩን ብቻ ካንሸራተተ አልታሸም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ለወራት ያድርጉት። ካመመዎ ኃይሉን ይቀንሱ፤ ቆዳው ከተላጠ እስኪድን ያቁሙ። ማሳከኩ ሲመጣብዎም በጥፍር ከመፎከት በዚሁ መንገድ ቢጫኑት ይሻላል።

መቀነትዎንም ያስቡበት። መቀነት ጠባሳው ላይ ተጠብቆ ሲታሰር ቆዳውን ቀኑን ሙሉ ይፈትገዋል፤ ከፍ አድርገው፣ ላላ አድርገው ይታጠቁ፤ ከሥር ለስላሳ የጥጥ ልብስ ይኑር። ሆድ ተጣጥፎ ጠባሳው የሚሸሸግ ከሆነ ከታጠቡ በኋላ እጥፋቱን ገልጠው በደንብ ያድርቁት።

ለጠባሳ ጥሩ ውጤት ያለው የሲሊኮን ፕላስተር ነው። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ተለጥፎ፣ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ዋጋው የሚከብድ ከሆነ ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበት ነጭ የወረቀት ፕላስተር በጠባሳው ርዝመት ቢለጠፍ ቆዳው እንዳይወጠር ይረዳል። የእርስዎ ጠባሳ በልብስ የተሸፈነ ስለሆነ ፀሐይ አያሳስበውም። በእንቅርት ኦፕራሲዮን አንገታቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው አንባቢዎች ግን በነጠላ ይሸፍኑት፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ አዲስ ጠባሳም ቶሎ ያጠቁራል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብን። ከፍ ያለው ቆዳ በተቀደደበት መሥመር ላይ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጊዜ ብዛት ይበርዳል። ከመሥመሩ አልፎ ጤነኛውን ቆዳ እየወረረ ከሄደ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በራሱ አይጠፋም። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም አንገትዎን ሲነቀሱ ቦታው አብጦ ቀርቶ ያውቃል? እናትዎ ወይም እህትዎ እንዲህ ያለ አላቸው? ከሆነ ሳይቆዩ ለቆዳ ሐኪም ይታዩ። ሕክምናው ትራያምሲኖሎን የሚባል መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መውጋት ነው። ጡት እንደሚያጠቡ አስቀድመው ይንገሩ። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ኬሎይድ ተቆርጦ ሌላ ሕክምና ካልታከለበት ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል።

ስለ ውኃው፦ የተሰፋ ቆዳ በሦስተኛው ሳምንት የጤነኛውን ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ጥንካሬ ብቻ ነው የሚኖረው። በሦስተኛው ወር 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አሁን በአምስት ሊትር ይጀምሩ። ካላመመዎ ወደ አሥር ከፍ ያድርጉ። 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሦስት ወር እስኪሞላዎ ለባለቤትዎ ይተዉት። በጀርባ ሲያዝሉም ሆድን የሚጎዳው ከመሬት ብድግ ማለቱ ነውና ሰው ያሸክምዎ።

ትኩሳት ካለዎ፣ ጠባሳው ከሞቀና ካበጠ፣ መግል ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ካወጣ፣ ከተከፈተ ወይም ሲያስሉ ከሥሩ እብጠት ብቅ ካለ፣ ገበያ ይዋል ሳይሉ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ሳይጠይቁኝ የምጨምረው አለ። የላዩ ጠባሳ ማማር የማሕፀኑን ጠባሳ መዳን አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል፤ ለተሰፋ ማሕፀን ይህ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእርግዝና መከላከያውን ጉዳይ ልጅዎን ለክትባት ሲወስዱ በዚያው ያማክሩ። ቀጣዩንም ልጅ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ሆስፒታል ነው የሚወልዱት። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀት፣ ማሕፀኑ በምን በኩል እንደተቀደደ የተጻፈበትን፣ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።