«እስከ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ይማር ልበል?»

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ አልቆ ነው። ያስጨረሱኝም ወላጆች ናቸው።

ሰኔ ላይ ለየልጁ የክረምት ሥራ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፦ ማንኪያውን ራሱ ይያዝ፣ ጫማውን ራሱ ያውልቅ፣ የሚፈልገውን በሥዕል ካርድ ያሳይ፣ በጊዜ ይተኛ። መስከረም ላይ ያ ሁሉ ልፋት የለም። ሰኔ ላይ ሩዙን በማንኪያ ይበላ የነበረው ልጅ አፉን ከፍቶ እስኪያጎርሱት ይጠብቃል። ካርዶቹ ሳይነኩ ቦርሳ ውስጥ ተመልሰዋል። ስልክ ሲያዩ ያመሹት ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ። ስምንት ልጆች ናቸው፣ ያለችኝ ረዳት አንዲት ናት። ይህን ተሸክሜ ወላጅ ደውሎ «ዘንድሮም አፉን አልፈታም?» ይለኛል። እንቁጣጣሹም መስቀሉም እንግዳ እንደሚያበዛ ይገባኛል፤ ግን በሁለት ወር ውስጥ በቀን ሩብ ሰዓት ይጠፋል?

ትምህርት ቤቱ እንኳ የድርሻውን አድርጓል። ክፍሎቹ ቀለም ተቀብተዋል፤ የድሮው ሽንት ቤት ፈርሶ በሴራሚክ ተሠርቷል፣ መቀመጫም ገብቶለታል። የጎደለው የወላጅ ክትትል ነው።

ከሁሉም የከበደኝ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። አምና ጸጥተኛ ነበር። ዘንድሮ ግን ከዕረፍት መልስ፣ አምስት ሰዓት ግድም፣ መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ተነሥቶ ይዞራል፤ ከዚያ ያገኘውን ይመታል። ረዳቴን ነክሷታል። እናቱን እንጠራለን፣ መጥታ ትወስደዋለች። በሌላ በሌላው አያስቸግርም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰርቪስ ከገባ ጀምሮ ሽንት ቤት እንኳ ውሰዱኝ ብሎ አያውቅም። እናቱ «ቤት ደህና ነው» ትላለች፤ አላምናትም።

ለርእሰ መምህሩ፣ ልጁ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲማር ልጽፍ ነው። ለሌሎቹ ሰባት ልጆች ብዬ ነው። አጠፋሁ ይሉኛል?

መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

*

እኅቴ፣ እናቱን እመኛት። ልጁ ቤቱ ደህና የሆነው ሽንቱን የሚሸናው እዚያ ስለሆነ ይመስለኛል።

አያስቸግርም ብለሽ ያለፍሽው ነገር የደብዳቤሽ ፍሬ ነው። ልጁ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሸንቶ ቢወጣ፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ሽንቱን ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ይዞ ቆይቷል፤ ዕረፍት ላይ የጠጣው ውኃ ደግሞ አለ። መቁነጥነጡና መዞሩ የሞላ ፊኛ ይመስላል። ከአምና ወዲህ የተለወጠውን ራስሽ ነግረሽኛል፦ ሽንት ቤቱ። ሴራሚክ ድምፅ ያስተጋባል፣ ውኃው ሲለቀቅ ይጮኻል፣ የበረኪናው ሽታ ይሰነፍጣል፣ ነጩ ግድግዳ መብራት ሲበራ ያብረቀርቃል። የሚያውቀው ቦታ ፈርሶበታል፣ የነገረውም ሰው የለም።

እናቱን መጥራታችሁ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። መታ፣ ቤቱ ሄደ፣ ሸና፣ ዐረፈ፤ መናገር ለማይችል ልጅ ይህ ግልጽ ትምህርት ነው። በአራት ሰዓት ተኩል መሸኘት ከጀመርሽ ከችግሩ አንዱንም አትፈቺም። ሰዓቱን ትቆርጫለሽ፣ ሽንት ቤቱን መፍራቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ለሦስት ቀን መዝግቢ፦ የጠጣበትን ሰዓትና መጠን፣ የሸናበትን ሰዓት፣ ከመምታቱ በፊት ምን እንደነበረና ከመታ በኋላ ምን እንደተደረገለት። እናቱም ከቤት የወጣበትንና ተመልሶ የሸናበትን ሰዓት ትጻፍልሽ። ቤት ያለው መቀመጫ ነው ወይስ ቁጢጥ የሚባልበት? በሩ ይዘጋል ወይስ ክፍት ነው? ቆሞ ነው የሚሸናው? እነዚህን ጠይቂያት። ሽንቱ ከጠቆረና ከከረፋ፣ ሲሸና ካለቀሰ ወይም ካተኮሰው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንቱ ይመርመር። ሆድ ድርቀት ካለበትም ይታከም፤ የደረቀ ሰገራ ፊኛን ይጫናል።

ውኃ አትከልክሉት። ረዳቶች «እንዳይሸና» ብለው ውኃ ሲቀንሱ ሽንቱ ይወፍራል፣ ያቃጥለዋል፣ የባሰ ይይዛል።

እስኪለምድ ድረስ የሚሸናበት ቦታ ያስፈልገዋል። ግቢው ውስጥ የዘበኞች የድሮ ሽንት ቤት ካለ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደሽ እዚያ ውሰዱት። ከሌለ መጋረጃ ጀርባ ፖፖ ይቀመጥለት፤ ሌሎች ልጆች እንዳያዩት ግን ተጠንቀቁ፣ 11 ዓመቱ ነው።

አዲሱን ቦታ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አለማምዱት። ስትጀምሩ በሩ ድረስ ብቻ ሄዶ ይመለስ። ያንን ሳይፈራ ሲያደርግ ይግባ፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ ውኃ አይለቀቅ። ቀጥሎ ልብሱን እንደለበሰ ይቀመጥ፣ እስከ አሥር ቁጠሩለት። ልብሱን ዝቅ አድርጎ መቀመጥ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አንዱን ደረጃ ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይረበሽ ካላለፈ ወደሚቀጥለው አትሂዱ፤ ከተረበሸ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ውኃውን ረዳትሽ እሱ ከወጣ በኋላ ትልቀቅ። ጠዋት በበረኪና የምታጸዳው የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ልጆቹ ከመድረሳቸው ቀደም ብላ ትጨርስ፣ መስኮቱም ይከፈት። ሲደርስ አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሰዱት፤ ፊኛው ባዶ ሆኖ ማስቀመጥ ልፋት ብቻ ነው።

ለካርዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ሥዕል አትጠቀሚ። የራሳችሁን በር፣ የራሳችሁን መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ በስልክ አንሺ፣ አሳትሚና በላስቲክ አስለብጪ። የታተመውን የበሩን ፎቶ ልጁ ራሱ በእጁ ይዞ እንዲሰጥሽ አስተምሪው፤ ሲሰጥሽ ሥራሽን ጥለሽም ቢሆን ወዲያው ውሰጂው። እስካሁን ለሰው የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም፣ ስለዚህ መታ።

አሁን ልቆጣሽ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የትምህርት መብትን ሲደነግግ ለተማሪው የሚያስፈልገው ማመቻቸት እንዲደረግለት ይጠይቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኒያ ፋውንዴሽኑን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋሙት ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ስላጡ ነው። ለእነዚህ ልጆች ተብሎ የተከፈተ ትምህርት ቤት ራሱ ልጁን ወደ ቤት ከሸኘ እናቱ ወዴት ትውሰደው? በየቀኑ እኩለ ቀን ሳይደርስ ልጇን ልትወስድ የምትወጣ ሴት ሥራ አይኖራትም።

ስለ ወላጆቹ ድካምሽ እውነት ነው። ግን በአንድ ገጽ አራት ሥራ ይበዛል። በሰኔ ለአንድ ልጅ አንድ ሥራ ብቻ ምረጪ፣ አንቺ ስታሠሪው በስልክ ቅረጪና ለወላጁ ላኪ፤ በክረምቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ ደውለሽ ጠይቂ።

ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ መጻፍሽ ካልቀረ ሌላ ጉዳይ ጻፊ፦ የሽንት ቤቱ በር ከውጭም እንዲከፈት፣ የውኃው ግፊት እንዲቀነስ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ልጁን የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ በስም እንዲመደብ።